የአንዲት ቃል ፍቺና የአንድ ጨዋታ ዕጣ

ለአንድ ባዕድ ቃል አማርኛ አቻ መፈለግና ለዚያው ቃል ፍቺ መስጠት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። በሙያ ቃላት ዝርዝሮቻችን ውስጥ ግን የመጀመሪያው ሥራ ሁለተኛውን ሸፍኖት ይገኛል። በግራ በኩል የባዕዱ ቃል፣ በቀኝ በኩል የአማርኛው አቻ ይሰፍርና ነገሩ ያለቀ ይመስላል። ይህ አሠራር ሁለቱንም ቋንቋዎች አጣርቶ የሚያውቀውን ሰው እምብዛም አይጎዳውም። አማርኛን በሁለተኛ ቋንቋነት የተማረውን፣ ከአማርኛውም ተነሥቶ ወደ ራሱ ቋንቋ የሚተረጕመውን ሰው ግን መንገድ መሐል ላይ ጥሎት ይቀራል።

ችግሩ ጎልቶ ከሚታይባቸው ስፍራዎች አንዱ አሶሳና በጠቅላላው የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ነው። በክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ሲሆን፣ ቤርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ የየራሳቸው ቋንቋ አላቸው። ብዙዎቹ የቋንቋ ሊቃውንት ቤርታን፣ ጉሙዝንና ኮሞን ከናይሎ ሰሐራ፣ ሺናሻንና ማኦን ከኦሞአዊ ቤተሰብ ይመድቧቸዋል። ከሱዳን ጋር ባለው ጉርብትና የተነሣ ዐረብኛም ከጥንት ጀምሮ በአካባቢው ሲነገር ኖሯል። በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ድርቅ ምክንያት ከወሎ ብዙ ሕዝብ መጥቶ በአሶሳ ዙሪያ ስለ ሰፈረ፣ አማርኛውም ከመሥሪያ ቤት ቋንቋነት አልፎ የገበሬ መንደር ቋንቋ ሆኗል። እንዲህ ባለ ስፍራ አንድ የሙያ ቃል ከአዲስ አበባ ተነሥቶ አሶሳ ሲደርስ ጕዞው ገና እኩሌታ ላይ ነው።

ይህ ጽሑፍ ለጉዳዩ የሚያቀርበው ምሳሌ ከጨዋታ ዓለም የተወሰደ ነው። ይኸውም በስክሪን ላይ ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ ቁራጮችን እያዟዟሩ የሚደረድሩበት፣ የሞላው ረድፍ የሚጠፋበት፣ ክምሩ ጣራ ሲነካ ተጫዋቹ የሚሸነፍበት «ቴትሪስ» የተባለው ጨዋታ ነው። ጨዋታው ዛሬ በእጅ ስልክ ሁሉ ስለሚገኝ ለአንባቢ እንግዳ አይደለም። የታወቀ ያልሆነው፣ የዚህ ጨዋታ ዕጣ በአንድ ወቅት በአንዲት ቃል ፍቺ ላይ ተንጠልጥሎ እንደ ነበረ ነው።

፩. ከአንድ መሣሪያ ወደ ሌላው

ቴትሪስን እ.ኤ.አ. በ1984 ሞስኮ ውስጥ የፈጠረው በሶቪየት ኅብረት የሳይንስ አካዳሚ የኮምፒዩተር ማእከል ይሠራ የነበረው አሌክሴይ ፓዢትኖቭ ነው። መነሻው ከአምስት አምስት ካሬ የተሠሩ ቁራጮችን በሣጥን ውስጥ የመግጠም የቈየ የእንቈቅልሽ ጨዋታ ነበር። ፓዢትኖቭ አምስቱን ካሬ ወደ አራት ዝቅ አደረገው፤ በዚህም የቁራጮቹ ዐይነት ሰባት ብቻ ሆነ። ስሙንም አራት ማለት ከሆነው የግሪክ ቃል «ቴትራ»ና ከሚወደው ስፖርት ከ«ቴኒስ» አዳቀለው። የሠራበት «ኤሌክትሮኒካ 60» የተባለው መሣሪያ ሥዕል ማሳየት ስለማይችል፣ የመጀመሪያዎቹ ቁራጮች የተጻፉት በቅንፍ ምልክቶች ነበር።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቫዲም ጌራሲሞቭ የተባለ የ16 ዓመት ተማሪ፣ ከፓዢትኖቭና ከድሚትሪ ፓቭሎቭስኪ ጋር ሆኖ፣ ጨዋታውን አይ ቢ ኤም ሠራሽ ለሆነው የግል ኮምፒዩተር እንደገና ጻፈው። አንድን ጨዋታ ሕጉን ሳይለውጡ ለሌላ መሣሪያ እንደገና መጻፍ በሙያው ዓለም የራሱ ስም ያለው ሥራ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ «ማሻገር» እንለዋለን። የነገሩ ምንነት ለእኛ አዲስ አይደለም። ገበጣን ጕድጓድ በተፈለፈለበት እንጨት ላይ ቢጫወቱት፣ ወይም መሬት ምሰው በጠጠር ቢጫወቱት ገበጣነቱ አይለወጥም። ጨዋታው ያለው በእንጨቱ ላይ ሳይሆን በሕጉ ውስጥ ነውና።

፪. «ኮምፒዩተር» ማለት ምን ማለት ነው?

ጨዋታው ከሶቪየት ኅብረት ከወጣ በኋላ የደረሰበትን ነገር ለመረዳት የውሎቹን ሰንሰለት መከተል ያሻል። በሶቪየት ሕግ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ወደ ውጭ የመሸጥ መብት የነበረው ኤሎርግ የተባለው የመንግሥት ድርጅት ነው። ሮበርት ስታይን የተባለ በለንደን የሚሠራ ነጋዴ ጨዋታውን ሃንጋሪ ውስጥ አይቶ፣ በኮምፒዩተር ላይ የማሳተም መብት ከሞስኮ አገኘ። እርሱም መብቱን ለእንግሊዙ ሚረርሶፍትና ለአሜሪካው ስፔክትረም ሆሎባይት አስተላለፈ፤ ከሚረርሶፍት ደግሞ ወደ አታሪ ጌምስ ተላለፈ። የመብቱ ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ በተላለፈ ቍጥር ትርጕሙ እየሰፋ ሄደ። መጀመሪያ «ለኮምፒዩተር» የተባለው፣ በመጨረሻ ከቴሌቪዥን ጋር የሚገጠሙትን የጨዋታ መሣሪያዎች፣ ማለት ኮንሶሎችን፣ የሚጨምር ሆኖ ተቈጠረ።

በጃፓን አገር ይሠራ የነበረው ሄንክ ሮጀርስ በዚሁ ሰንሰለት በተገኘ መብት እ.ኤ.አ. በ1988 ጨዋታውን ለኒንቴንዶ ኮንሶል አሳተመ። በፌብሩዋሪ 1989 ወደ ሞስኮ ሄዶ ያሳተመውን ለኤሎርጉ ኀላፊ ለኒኮላይ ቤሊኮቭ ባሳየው ጊዜ፣ ቤሊኮቭ ድርጅቱ የኮንሶል መብት ለማንም እንዳልሰጠ ነገረው። ስታይንም በዚያው ሰሞን ሞስኮ ነበርና ቤሊኮቭ የውል ማሻሻያ አቀረበለት። በማሻሻያው ውስጥ አንድ የፍቺ አንቀጽ ገባ። በዚህ አንቀጽ መሠረት ኮምፒዩተር ማለት ፕሮሰሰር፣ ሞኒተር፣ የዲስክ ማንበቢያ፣ የቍልፍ ሰሌዳና ሥርዓተ ክወና ያለው መሣሪያ ነው። ስታይን ዐይኑ የተተከለው ስለ ክፍያ መዘግየት ቅጣት በሚናገረው ክፍል ላይ ስለ ነበር፣ የፍቺውን አንቀጽ ክብደት ሳይመለከት ፈረመ።

የዚያን ጊዜው የኒንቴንዶ ኮንሶል እነዚህን ሁሉ አሟልቶ የሚሸጥ አልነበረም። ስለዚህ በአንዲት የፍቺ መስመር ምክንያት የኮንሶሉ መብት ከሰንሰለቱ ሙሉ በሙሉ ወጣ። ኤሎርግም በማርች 1989 መብቱን ለኒንቴንዶ ሰጠ። የአታሪ ጌምስ ቅርንጫፍ የነበረው ቴንገን ግን በሜይ ወር የራሱን ቅጂ ለዚያው ኮንሶል አውጥቶ ነበር። ይህም ቅጂ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ጎን ለጎን ሊጫወቱበት የሚችሉ በመሆኑ፣ በኋላ ኒንቴንዶ ለዚሁ ኮንሶል ካወጣው ቅጂ ይልቅ የሚመርጡት ብዙዎች ናቸው።

ክርክሩ ካሊፎርኒያ በሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት ቀረበ። የአታሪ ወገን የኒንቴንዶ መሣሪያ ራሱ ኮምፒዩተር ነው ሲል ተከራከረ። ለመዝገበ ቃላት ሠሪ ይህ መከራከሪያ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። የኒንቴንዶ ኮንሶል በጃፓን አገር የሚሸጠው «ፋሚሊ ኮምፒዩተር»፣ በአማርኛ «የቤተ ሰብ ኮምፒዩተር»፣ በሚል ስም ነበርና። በስሙ ኮምፒዩተር የሆነው ነገር በፍቺው ኮምፒዩተር አልነበረም ማለት ነው። ዳኛዋ ፈርን ስሚዝ በጁን 1989 ቴንገን ሽያጩን እንዲያቆም አዘዙ፤ ቅጂውም ከገበያ ተነሣ። በዚያው ዓመት ኒንቴንዶ ቴትሪስን «ጌም ቦይ» ከተባለው በእጅ ከሚያዘው መሣሪያው ጋር አቀረበው፤ የጌም ቦዩ ቅጂ ብቻ ወደ 35 ሚሊዮን ያህል ተሸጧል። ፓዢትኖቭ ራሱ ከጨዋታው ገንዘብ ማግኘት የጀመረው መብቱ ወደ እርሱ ከተመለሰ ከ1996 በኋላ ነው።

ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ትምህርት ግልጽ ነው። ስም የነገሩን ወሰን አያሳይም፤ ወሰኑን የሚያሳየው ፍቺ ነው። ሁሉም ወገኖች «ኮምፒዩተር» የሚለውን ቃል ያለ ችግር ይጠቀሙበት ነበር፤ ጠቡ የመጣው ቃሉን ሁሉም እያወቀው ፍቺውን ማንም ሳይጽፈው በመቈየቱ ነው።

፫. ግጥሚያና «ወራጅ ነገር»

ቴትሪስ ሲፈጠር አንድ ሰው ከራሱ ጋር የሚታገልበት ጨዋታ ነበር። ወደ ፉክክር ያመራው በተለይ ጌም ቦይ በሽቦ ከሌላ ጌም ቦይ ጋር መገናኘት ስለ ቻለ ነው። አንዱ ተጫዋች በአንድ ጊዜ ብዙ ረድፍ ሲያጠፋ የሌላው ክምር ከሥሩ ወደ ላይ ይገፋል። ፉክክሩን የጨዋታው ዋና ዐላማ ያደረገው ግን የጃፓኑ ኮምፓይል እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው «ፑዮ ፑዮ» ነው። በዚህ ጨዋታ የሚወርዱት ጥንድ ጥንድ የሆኑ ባለቀለም ፍጥረቶች ናቸው፤ አራት አንድ ዐይነት ቀለም ሲነካካ ይጠፋል፤ የአንዱ መጥፋት የሌላውን መጥፋት ሲያስከትል ጥቃቱ ወደ ባላጋራው ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1992 ሴጋ በጨዋታ አዳራሾች ለሚቆመው መሣሪያ ካወጣው በኋላ ጨዋታው በጃፓን አገር ተስፋፋ።

ለተርጓሚ የሚጠቅሙ ሁለት ነገሮች እዚህ ይገኛሉ። አንደኛው የስም አወጣጡ ነው። ጃፓኖች ለዚህ የጨዋታ ወገን በጠቅላላው «ኦቺሞኖ» የሚል ስም አወጡለት፤ ትርጕሙ «ወዳቂ ነገር» ማለት ነው። «ቴትሪስ» የንግድ ምልክት ስለ ሆነ የወገን ስም ሊሆን አይገባውም፤ ስለዚህ የሚታየውን ድርጊት ይዘው ከራሳቸው ቋንቋ ወሰዱ። ተከታትሎ መጥፋቱን «ሬንሳ»፣ ማለት ሰንሰለት፣ አሉት። ወደ ባላጋራው የሚላከውን ግራጫ ቁራጭ ደግሞ «ኦጃማ»፣ ማለት መሰናክል ወይም አዋኪ፣ ብለው ጠሩት። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ይህንኑ ነገር «ቆሻሻ» ይሉታል። አንደኛው ስም ነገሩ የሚያደርሰውን ጕዳት፣ ሁለተኛው የነገሩን ዋጋ ቢስነት ይናገራል። እኛ በእንግሊዝኛው በኩል ብቻ ብንተረጕም «ቆሻሻ» እንላለን፤ ነገሩን ራሱን ብንመለከት ግን «እንቅፋት» የሚለው ቃል ተዘጋጅቶ ይጠብቀናል።

ሁለተኛው ነገር የቅጂዎቹ ዕጣ ነው። ፑዮ ፑዮ ከጃፓን ሲወጣ ሕጉ ሳይነካ ባለታሪኮቹ ተለወጡ። እ.ኤ.አ. በ1993 ለሴጋ ሜጋ ድራይቭ የወጣው ቅጂ የዶክተር ሮቦትኒክን፣ በ1995 ለሱፐር ኒንቴንዶ የወጣው ደግሞ የከርቢን ስምና መልክ ለብሶ ቀረበ። ይህ ማሻገር ብቻ አይደለም፤ ለሌላ አገር ሰው እንዲስማማ ገጹን መለወጥ ነው። ስለሆነም «ማሻገር» የሚለውን ቃል መሣሪያ ሲለወጥ፣ «ማላመድ» የሚለውን ደግሞ ተቀባዩ ሕዝብ ሲለወጥ ብንጠቀምባቸው ሁለቱ አሳቦች አይደበላለቁም።

፬. አማርኛ ለጨዋታ ስም ሲያወጣ

አማርኛ ለጨዋታ ስም የሚያወጣባቸው መንገዶች ቢያንስ ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ስሙን ከነጨዋታው መቀበል ነው። ሰንጠረዥ ከፋርስ በዐረብኛ በኩል የመጣ ቃል ነው፤ ዳማና ካርታም እንዲሁ ከውጭ የገቡ ናቸው። የተቀበልነው ቃል ግን ባለበት አይቆምም። ሰንጠረዥ ዛሬ ጨዋታውን ብቻ ሳይሆን፣ በዐምድና በረድፍ የተከፋፈለ የቍጥር ዝርዝርንም ያመለክታል። ባለካሬው የጨዋታ ገበታ ለስታቲስቲክስ ጽሑፍ ቃል አበደረ ማለት ነው።

ሁለተኛው መንገድ ስሙን ከድርጊቱ ማውጣት ነው። አባሮሽ፣ ድብብቆሽ፣ ቅብብሎሽ የተባሉት ስሞች እያንዳንዳቸው ከግስ ወጥተው በ«ኦሽ» የሚጨርሱ ናቸው። ቅርጹ ሕያው ስለ ሆነ ለአዲሱ የጨዋታ ወገንም «ድርድሮሽ» የሚል ስም ለማውጣት ይጋብዛል። ይሁን እንጂ እነዚህ ስሞች በአመዛኙ አንዱ በሌላው ላይ ወይም ከሌላው ጋር የሚያደርገውን ነገር ያመለክታሉ፤ ብቻውን የሚደበቅ ሰው ድብብቆሽ ተጫወተ አይባልም። የምንሰይመው ወገን ግን ብቻን የሚጫወቱትንም ይጨምራል። ከዚህም ሌላ «ድርድር» የሚለው ቃል በዛሬ ጆሮ ከሽማግሌ ፊት ወይም ከገበያ ጋር ተያይዟል።

ይልቅስ የሚሻለው «ገጠመ» የሚለው ግስ ይመስላል። በሩን በመቃኑ ላይ የሚያቆም አናጢ ይገጥማል፤ ሁለት ቡድኖች ሜዳ ላይ ሲገናኙ ይገጥማሉ፤ ባለቅኔም ይገጥማል። ቁራጭን ከቁራጭ ጋር ማስማማትም ሆነ ከባላጋራ ጋር መፋለም ከአንድ ሥር የሚወጡበት ቋንቋ መያዛችን ለዚህ ጨዋታ የተመቸ ነው። በመሆኑም ለመግጠሙ ሥራ «ገጠማ»፣ ለፉክክሩ «ግጥሚያ» ማለት ይቻላል።

አወራረዱን የሚገልጸው ቃልም ምርመራ ያስፈልገዋል። «ወዳቂ» የሚለው የተናቀንና በፈተና የተሸነፈን ሰው ስለሚያስታውስ አይስማማም፤ ቁራጩም ቢሆን በዝግታ ይወርዳል እንጂ ተወርውሮ አይወድቅም። «ወራጅ» ደግሞ ብቻውን ሲቆም በቤት ሥራ ያለውን አግዳሚ እንጨት፣ በታክሲ ውስጥም ለመውረድ የሚጠይቀውን ተሳፋሪ ያመለክታል። «ወራጅ ገጠማ» ተብሎ ሲጣመር ግን አሻሚነቱ ይወገዳል።

፭. ቃሉ አሶሳ ሲደርስ

እስከዚህ ድረስ ያልነው አማርኛ አፉን ለፈታ ሰው የሚበቃ ይሆናል። በአሶሳ ለሚሠራ ተርጓሚ ግን አይበቃም። የ«ገጠመ» ሦስት ትርጕሞች መተባበር የአማርኛ ጸጋ እንጂ የቤርታ ወይም የጉሙዝ ቋንቋ ጸጋ አይደለም። ተርጓሚው በእጁ ያለው «ወራጅ ገጠማ» የሚል ጥምር ቃል ብቻ ከሆነ የሚወርደው ምን እንደ ሆነ፣ የሚገጠመውም ከምን ጋር እንደ ሆነ ማወቅ አይችልም።

ዘይቤም እንዲሁ ነው። በብዙ ቋንቋዎች ቁራጮቹ በጡብ ይመሰላሉ። አሶሳ ዙሪያ ግን የቆላው ቀርከሃ፣ ማለት ሽመል፣ በብዛት ስለሚበቅል፣ በልማድ ግድግዳውና አጥሩ የሚሠራው ከሽመል ነው። ጡብ በከተማው ባይጠፋም፣ የግንብ ሥራ ዘይቤ በየመንደሩ ለሚነገር ቋንቋ ቅርብ አይደለም። አማርኛው «ጡብ» ካለ ተርጓሚውም ጡብን ፍለጋ ይሄዳል፤ «ቁራጭ» ካለ ግን ከራሱ አካባቢ የሚስማማውን ለመምረጥ ነጻ ይሆናል።

የጽሕፈቱም ነገር አለ። ለቤርታ፣ ለጉሙዝና ለሺናሻ ቋንቋዎች የተዘጋጀው ፊደል የላቲን ነው። «ኮንሶል» የሚለው ቃል ከላቲን ፊደል ወደ ግእዝ ፊደል ገብቶ፣ ከግእዝ ፊደል በአማርኛ ድምፅ ተቃኝቶ እንደገና ወደ ላቲን ፊደል ይመለሳል። በዚህ ዙር ጕዞ ድምፁ ሊለወጥ ይችላል፤ ፍቺው ከተጻፈ ግን ቃሉ የቱንም ያህል ቢለወጥ ነገሩ አይጠፋም።

ፍቺ ሳይከተለው የሚሻገር ስም ምን እንደሚሆን የክልሉ ስም ራሱ ይመሰክራል። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚያስረዱት ቤኒሻንጉል የሚለው ስም የመጣው በመንጌ አካባቢ ይከበር ከነበረ ድንጋይ ስም፣ ከ«ቤላ ሻንጉል» ነው፤ ትርጕሙም «የሻንጉል ድንጋይ» ማለት ነው። ዐረብኛ ተናጋሪዎች «ቤላ»ን ሲሰሙ ለጆሯቸው የቀረበው «ቤኒ»፣ ማለት «የእገሌ ልጆች»፣ ሆነ። በዚህ ዐይነት ድንጋዩ በስም ውስጥ ወደ ትውልድ ተለወጠ። ተቀባዩ ወገን አላጠፋም፤ ፍቺ ያልተሰጠውን ቃል በራሱ ቋንቋ ፈታው እንጂ። ዛሬም የምንልካቸው የሙያ ቃላት ባዶአቸውን ከሄዱ ይኸው ይደርስባቸዋል።

፮. የቀረቡ ቃላት

ከላይ በተዘረዘረው ምክንያት የሚከተሉት ቃላት ከነፍቺያቸው ለውይይት ቀርበዋል።

ወራጅ ገጠማ፦ በስክሪን ላይ ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ ቁራጮችን ተጫዋቹ እያዟዟረ የሚያስማማበት፣ የተስማማው የሚጠፋበት፣ ክምሩ ጣራ ሲደርስ የሚያበቃ የጨዋታ ወገን።

የወራጅ ገጠማ ግጥሚያ፦ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ተጫዋቾች በየራሳቸው ሜዳ እየተጫወቱ አንዱ የሌላውን ክምር የሚያከብድበት ፉክክር።

እንቅፋት፦ በግጥሚያ ጊዜ አንዱ ተጫዋች ባገኘው ውጤት ምክንያት በሌላው ሜዳ ላይ የሚጨመር ቁራጭ ወይም ረድፍ።

ሰንሰለት፦ የአንድ ቡድን ቁራጮች መጥፋት፣ ተጫዋቹ ሌላ ሳይጨምር፣ የሌላ ቡድን መጥፋትን ሲያስከትል የሚፈጠር ተከታታይ ውጤት።

ማሻገር፦ ለአንድ ዐይነት መሣሪያ የተጻፈን ጨዋታ ወይም ፕሮግራም፣ ሕጉን ሳይለውጡ፣ ለሌላ ዐይነት መሣሪያ እንደገና መጻፍ፤ ውጤቱ «የተሻገረ ቅጂ» ይባላል።

ማላመድ፦ የአንድን ጨዋታ ሕግ ሳይነኩ ስሙን፣ ባለታሪኮቹንና ሥዕሉን ለሌላ አገር ሕዝብ እንዲስማሙ አድርጎ መለወጥ።

ኮንሶል፦ ከቴሌቪዥን ጋር ተገጥሞ በእጅ መቈጣጠሪያ የሚሠራ፣ በዋናነት ለጨዋታ የተዘጋጀ መሣሪያ። ቃሉ በሕዝብ አፍ እየገባ ስለ ሆነ እንዳለ መቀበሉ ይሻላል።

ከነዚህ መካከል «ማሻገር» ለዚያ አካባቢ ሰው ማብራሪያ ብዙ አያስፈልገውም። ዐባይ ክልሉን ለሁለት ከፍሎ መተከልን በስተሰሜን፣ አሶሳንና ካማሺን በስተደቡብ ስላደረገ፣ ወዲያ ማዶ የደረሰው ሰው ያው የተነሣው ሰው መሆኑን ሁሉም ያውቃል።

ስለ አሠራሩ በጠቅላላው ደግሞ አንድ መመዘኛ ቢያዝ መልካም ነው። የሙያ ቃላት ዝርዝር ከመታተሙ አስቀድሞ የባዕዱ ቃል ያለበት ዐምድ ይሸፈን፤ የአማርኛው ቃልና ፍቺው ብቻ ለቤርታ፣ ለጉሙዝና ለሺናሻ ቋንቋ ተርጓሚዎች ይሰጥ። ከአማርኛው ብቻ ተነሥተው በየቋንቋቸው ነገሩን መግለጽ ከቻሉ ቃሉ ሥራውን ፈጽሟል። ካልቻሉ ግን የሚታረመው ትርጕማቸው ሳይሆን የእኛ ፍቺ ነው።